«እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ብሎ መኖር፦ በኖላዊ እሑድ የሚፈጸም የሰባት ቀን ልምምድ

ከታኅሣሥ 21 እስከ 27 ባለው ጊዜ የሚውለው እሑድ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኖላዊ ይባላል። ስብከትና ብርሃን ከተባሉት ሁለት ሰንበታት ቀጥሎ፣ ልደት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሚከበር ነው። በዕለቱ ምስባኩ (ከወንጌሉ በፊት በዜማ የሚባለው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» ይላል፤ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ ማለት ነው። ወንጌሉ ደግሞ ጌታ «መልካም እረኛ እኔ ነኝ» ያለበት የዮሐንስ ምዕራፍ 10 ነው። ያስቀደሰ ሁሉ ይሰማዋል። ሰኞ ሲነጋ የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ክፍያና የእናት የሐኪም ቀጠሮ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ያ ቃል በየትኛው በር እንደሚገባ ብዙ ሰው ይጨንቀዋል።

በእግዚአብሔር መታመን በአንድ ጊዜ ውሳኔ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በትንንሽ ጉዳዮች በየጠዋቱ የሚለመድ ነው። ትልቁ መከራ ከመጣ በኋላ መልመድ የሚጀምር ሰው ይቸገራል፤ ቀድሞ በኪራይና በትራንስፖርት የለመደ ሰው ግን በሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሚይዘው ነገር አለው። ዳዊትም ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ ለሳኦል የነገረው ይህንኑ ነው። በጎች ሲጠብቅ ከአንበሳና ከድብ እጅ ያዳነው እግዚአብሔር ከዚህም ሰው እጅ እንደሚያድነው ተናገረ (1ኛ ሳሙኤል 17፥34-37)። እምነቱን የተማረው ማንም በማያየው ሜዳ ላይ ነበር።

ልምምዱ የተሠራው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በሚለው በአንዱ የዳዊት መዝሙር ላይ ነው። መዝሙሩ በግእዙ ዳዊትና በሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ 22ኛው፣ በ66ቱ መጽሐፍ ቅዱስ 23ኛው ነው። የቁጥሩ ልዩነት የመጣው ግእዙ የተከተለው የግሪኩ ትርጉም 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው፤ መዝሙሩ ያው ነው። ቁጥሮቹ ስድስት ናቸው፤ ቀስ ተብሎ ቢነበብ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዳዊት በሳምንት የሚደግም ሰው ሰኞ ከ1 እስከ 30 ስለሚደግም በዚያው ቀን ያገኘዋል። ስለዚህ ከኖላዊ በፊት ባለው ሰኞ ተጀምሮ በኖላዊ እሑድ ቢፈጸም መልካም ነው። ወቅቱ ካለፈ ደግሞ የትኛውም ሰኞ ይሆናል።

የሚያስፈልገው

አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ዳዊት ወይም መጽሐፍ ቅዱስ። ጠዋት ሩብ ሰዓት፣ ማታ አምስት ደቂቃ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። መጽሐፍ ቅዱሱ ያለው በስልክዎ ውስጥ ብቻ ከሆነ ማታውኑ መዝሙሩን በእጅዎ ገልብጠው ይደሩ፤ ጸሎት ተጀምሮ መልእክት ሲገባ የሚተርፍ ጸሎት ጥቂት ነው።

ጠዋት ፊትን ታጥቦ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መቆም፤ ማማተብ፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ማለት፤ ሦስት ጊዜ መስገድ፤ አቡነ ዘበሰማያትን ማድረስ። ከዚያ መዝሙሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፤ ቤቱ ሰው የሞላበት ከሆነ በከንፈር ይበቃል። ቀጥሎ የዕለቱን ቁጥር ሦስት ጊዜ መድገምና በቃል መያዝ። በየቀኑ አንድ ቁጥር የያዘ ሰው ቅዳሜ ማታ መዝሙሩን ሙሉ በሙሉ በቃሉ ይዞታል። የሌላ ቤተ እምነት ክርስቲያን ከሆኑ በለመዱት የጸሎት መግቢያ ይጀምሩ፤ የቀረው ሥራ አይለወጥም።

በቃል መያዙን አይናቁት። በሰው አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ለጸሎት መቆሚያ ስፍራ የሌላት፣ መጽሐፏንም እንደልቧ መግለጥ የማትችል እኅት ከእርሷ ጋር የሚሆነው በልቧ ያለው ነው። ዓይኑን ለታመመ፣ መብራት ለጠፋበት፣ ለቀዶ ጥገና ተጋድሞ ለሚጠብቅም እንዲሁ።

ሰኞ፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም»

ከሁሉ ቀን ይበልጥ ጊዜ የሚወስደው ሰኞ ነው፤ የቀረው ሳምንት የሚቆመው በእርሱ ላይ ስለሆነ ሳይቸኩሉ ይሥሩት።

በደብተሩ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ወደ ታች አስምረው ሦስት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ራስ ላይ «የእኔ ድርሻ»፣ በሁለተኛው «የሌላ ሰው ድርሻ»፣ በሦስተኛው «የእግዚአብሔር» ብለው ይጻፉ። ከዚያ የሚያስጨንቁዎትን ነገሮች እስከ አምስት ድረስ ብቻ ይምረጡ። ከአምስት ካለፈ ገጹ ራሱ ጭንቀት ይሆናል፤ ሃያ ነገር ጽፎ የጸለየ ሰው ብዙ ጊዜ ከጸሎቱ የሚነሣው ከብዶት ነው።

እያንዳንዱን ጉዳይ በሦስቱ ዓምዶች ይበትኑ። አከራይ ኪራይ እጨምራለሁ ብሏል እንበል። የእኔ ድርሻ፦ በእጄ ያለውን ገንዘብ መቁጠር፣ ቀኑ ሳይደርስ አከራዩን በአክብሮት ማነጋገር፣ ባይሆን ሌላ ቤት መጠየቅ። የሌላ ሰው ድርሻ፦ የአከራዩ ውሳኔ። የእግዚአብሔር፦ የአከራዩ ልብ፣ የእኔና የልጆቼ ማደሪያ። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃት ልጅ ያለችው አባት ደግሞ እንዲህ ይጽፋል፦ የእኔ ድርሻ፣ የማጥኛ ሰዓቷን ማስከበርና በቁጣ አለማሸበር፤ የእርሷ ድርሻ፣ ማጥናት፤ የእግዚአብሔር፣ ጤናዋ፣ ማስተዋሏና ከውጤቱ በኋላ ያለው መንገዷ።

አብዛኛው ጭንቀት የሚኖረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓምድ ውስጥ መሆኑን በገዛ እጅዎ ጽሕፈት ያያሉ። በመጀመሪያው ዓምድ ያለው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚሠራም ነው።

አሁን ጉዳዮቹን አንድ በአንድ፣ በስማቸው እየጠሩ ያስረክቡ። «ጌታ ሆይ፣ ሁሉንም ነገር ላንተ ሰጥቻለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ምን እንደተሰጠ ስለማይታወቅ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ በእጃችን ይገኛል። እንዲህ ይበሉ፦ «ጌታ ሆይ፣ የቤቱን ኪራይ ነገር ዛሬ በአንተ ላይ ጥያለሁ። የእኔ ሥራ ከቀኑ 10 ሰዓት አከራዬን ማነጋገር ነው፤ እርሱን አደርጋለሁ። የቀረው የአንተ ነው።» ከእያንዳንዱ ጉዳይ ጋር ዛሬ የሚሠራ አንድ ነገር ይጠራ። ዛሬ የሚሠራ ከሌለ «ዛሬ የምሠራው የለም» ብለው ይጻፉበት፤ ይህም ራሱ ፈቃድ ነው፤ ያን ቀን ስለ እርሱ ከማውጠንጠን ነፃ ነዎት። ጌታም «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ብሏል (ማቴዎስ 6፥34)።

እዚህ ላይ በሁለት አቅጣጫ ስሕተት ይገባል። አንደኛው፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ የመጀመሪያውን ዓምድ ባዶ መተው ነው። ማመልከቻ ሳያስገቡ ሥራ መጠበቅ፣ ሳይታከሙ ጤና መጠበቅ መታመን አይባልም። በግ እንኳ እረኛው ወደ መስኩ ቢያደርሰውም ሣሩን የሚግጠው ራሱ ነው፤ ሐዋርያውም ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል። ሁለተኛው፣ «የሚያሳጣኝም የለም» የሚለውን የፈለግሁት ሁሉ ይሰጠኛል ብሎ መስማት ነው። ይኸው መዝሙር ከሦስት ቁጥር በኋላ የሞት ጥላን፣ ከአራት ቁጥር በኋላ ጠላቶችን ይጠራል። ዳዊት አደጋና ጠላት ያለበትን ሕይወት እያወቀ ነው አልጎድልም ያለው፤ ተስፋው የእረኛው አለመጥፋት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ቪዛው የተከለከለ ቀን እምነቱን አብሮ ይጥላል።

መዝሙሩን ጽፎ በአንገት ማንጠልጠልም ሆነ ሎተሪ እንዲደርስ ሰባት ጊዜ መድገም ከዚህ ልምምድ ጋር አይገናኝም። እረኛን የሚያውቁት ድምፁን ሰምቶ በመከተል ነው።

ማክሰኞ፦ «በለመለመ መስክ ያሳድረኛል፤ በዕረፍት ውኃ ዘንድ ይመራኛል»

በግ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ሲግጥ ይግጥና ከዚያ ተኝቶ የበላውን መልሶ ያላምጣል። ጅብ ወይም ውሻ ያስደነገጠው መንጋ ግን አይተኛም፤ ሣሩ በአፉ እንዳለ ቆሞ ያደምጣል። በመንዝና በሰሜን ሸዋ ደጋ በግ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የተኛ በግ ሁለት ነገር ይመሰክራል፤ ጠግቧል፣ የሚጠብቀውንም ያምናል።

የማክሰኞ ሥራ ዕረፍትን በሰዓት መቁረጥ ነው። የመኝታ ሰዓትዎን ይጻፉና ለሰባት ቀን ይጠብቁት። ሌሊት የሚሠሩ፣ በአሜሪካም በአውሮፓም በፈረቃ የሚያድሩ ወገኖች ከሥራ መልስ የሚተኙበትን ሰዓት ይጻፉ። ቃሉንም ያመስኩ፤ የዕለቱን ቁጥር ከቤት ሲወጡ፣ በቀኑ 6 ሰዓት እና በ11 ሰዓት ባሉበት ቆም ብለው አንድ አንድ ጊዜ ይበሉት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይሆናል፣ ወጥ እየተማሰለም ይሆናል። ሥራዬ አያስቀምጠኝም የሚል ሰው ቢያንስ የሰንበትን ዕረፍት ይጠብቅ፤ ሰባቱንም ቀን የሚሮጥ ሰው እረኛ እንዳለው በአፉ ቢናገርም በኑሮው እየካደው ነው።

ረቡዕ፦ «ነፍሴን መለሳት፥ ስለ ስሙም በጽድቅ መንገድ መራኝ»

ሁለት ሥራ አለ፤ መመለስና መንገድ መምረጥ።

መመለስ ንስሐ ነው። በሉቃስ 15 እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ፈልጎ ሲያገኘው በትከሻው ተሸከመው እንጂ አልደበደበውም። ለንስሐ አባትዎ ዛሬውኑ ደውለው ቀን ይያዙ። የሚናገሩትን በግማሽ ገጽ ይጻፉ፤ የራስዎን ብቻ፤ ባልዎ ወይም ሚስትዎ ያደረጉትን አይጨምሩበት። ብዙ ኑዛዜ የሚበላሸው የሌላ ሰው ክስ ሲሆን ነው። የተሰጠዎትን ቀኖና (ካህኑ ለንስሐ የሚያዝዙትን) በደብተሩ ይመዝግቡ፤ የኃጢአቱን ወረቀት ግን ሲጨርሱ ያቃጥሉት። ንስሐ አባት የሌለው ሰው በሚያስቀድስበት ደብር አንድ ካህን ይጠይቅ፤ ማፈር አያስፈልግም፤ ካህናቱ የተሾሙበት ሥራ ነው።

መንገድ መምረጥ ላይ ሰው አብዝቶ ይሳሳታል። ዓይን ጨፍኖ መጽሐፍ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቁጥር እንደ መልስ መውሰድ፣ በሕልም ብቻ መወሰን፣ «ምልክት ካየሁ እሄዳለሁ» ማለት የተለመደ ነው። መዝሙሩ የሚለው «በጽድቅ መንገድ መራኝ» ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መንገዱ ጽድቅ ነው ወይ የሚል ነው። ከባድ ውሳኔ ያለበት ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

ጉዳዩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፈው። ከአንድ ካለፈ ገና አልጠራም። ከዚያ ካሉት አማራጮች ውስጥ ሐሰተኛ ሰነድ፣ ጉቦ፣ ወይም ቃል ኪዳን ማፍረስ የሚጠይቀውን ይሰርዝ፤ ስለ እርሱ መጸለይም አያስፈልግም፣ መልሱ ተሰጥቷል። ሦስተኛ፣ ሁለት ሰው ይጠይቅ፦ አንዱ ጉዳዩን የሚያውቅ፣ ሌላው እርሱን የሚያውቅ። ወደ ዐረብ አገር በደላላ ለመሄድ የምታስብ ልጅ ቢያንስ አንዲት እዚያ ሠርታ የተመለሰች ሴት ታነጋግር፤ ደላላው የሚያገናኛትን ሳይሆን ራሷ ፈልጋ ያገኘቻትን። ከዚያ ንስሐ አባቷን። አራተኛ፣ የመወሰኛ ቀን ይቁረጥ፤ እስከዚያ ቀን ይህን መዝሙር በየጠዋቱ ይድገም። ቀኑ ሲደርስ በያዘው እውቀት ወስኖ ይሂድ። ፍጹም እርግጠኝነት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ሳይሄድ ዓመታት ያልፋሉ። እረኛው የሚመራው የሚሄደውን ነው፤ ቢሳሳትም ይመልሰዋል፤ «ነፍሴን መለሳት» የተባለው ለዚህ ነው።

ሐሙስ፦ «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም፤ በትርህና ምርኩዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል»

እስከዚህ ድረስ መዝሙሩ ስለ እግዚአብሔር ይናገር ነበር፤ ከዚህ ቁጥር ጀምሮ ግን «አንተ» እያለ ለራሱ ለእግዚአብሔር ይናገራል። በመከራ ውስጥ ያለ ሰውም ይህን ያድርግ፤ ስለ እርሱ ማሰላሰሉን ለጊዜው ትቶ ለእርሱ ይናገር፤ ቅሬታም ቢሆን ይናገረው። መዝሙረ ዳዊት በቅሬታ የተሞላ ነው፤ እግዚአብሔር እስከ መቼ ተብሎ የተጠየቀበት ጸሎት በቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይደገማል።

ሕመም የበረታበት ሰው ረጅም ጸሎት አይችልም፤ አይጠየቅምም። «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» የሚለው ብቻ ይበቃዋል፤ ከትንፋሹ ጋር እያስማማ ይበለው። አስታማሚ ከሆኑ በሽተኛውን «ዳዊት ልድገምልህ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከፈቀደ በጆሮው አጠገብ፣ ከለመዱት በግማሽ ፍጥነት ያንብቡለት፤ አይስበኩበት። የቀዶ ጥገና በር ላይ ስብከት አይሰማም፣ የለመደው ቃል ግን ይሰማል።

ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። ገና ሬሳው ሳይወጣ «እግዚአብሔር የወደደውን ይወስዳል» ማለት ሐዘንተኛውን ያፍነዋል። ዝም ብለው አብረው ይቀመጡ፤ እዝኑን ይዘው ይሂዱ፤ ሰው በሚበዛበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይሆን ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ባለው ሳምንት ይመለሱ። እረኛው ካለበት ምልክት አንዱ የሌሎች በጎች አለመሸሽ ነው።

ስለ ሕክምና ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ፀበል እየተጠመቁ መድኃኒት ማቆም እምነትን አያሳይም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በፀበል ቦታም ሰዓቱን ጠብቆ ይውሰድ፤ የጾም ሰዓት ከመድኃኒቱ ጋር ከተጋጨበት ለንስሐ አባቱና ለሐኪሙ ይንገር። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የጠላ፣ መኖር ያስጠላው፣ ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ሰው ካህንና ሐኪም ሁለቱም በዚያው ቀን ያስፈልጉታል፤ ብቻውንም አይተው። እምነቱ ጎድሎ ነው ማለት ሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው።

ሌሊት የሚመጣ ጭንቀት የራሱ መላ አለው። ደብተሩ ራስጌ ይሁን። ሐሳቡ ሲመጣ በአንድ ቃል ብቻ ይጻፉት፣ «ኪራይ»፣ «ልጅ»፤ ከዚያ «ጠዋት በዓምዱ አያለሁ» ብለው የሐሙስን ቁጥር ይድገሙ። እንቅልፉ እንቢ ካለ ተኝተው አይገላበጡ፤ ተነሥተው ይቀመጡ፣ ሌላ አንድ መዝሙር ያንብቡ፣ ሲያንቀላፋዎት ይመለሱ። ስልክ አይክፈቱ። ሐሳቡ ተመልሶ ቢመጣ አላስረከብኩም ማለት አይደለም፤ እንደገና ያስረክቡት። በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ ማስረከብም ማስረከብ ነው።

ዓርብ፦ «በፊቴ ገበታን አዘጋጀህልኝ በጠላቶቼ ፊት ለፊት፤ ራሴን በዘይት ቀባህ፥ ጽዋዬም የተረፈ ነው»

የኢየሩሳሌሙ ቅዱስ ቄርሎስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዲስ ተጠማቂዎችን ሲያስተምር ይህን ገበታ በቅዱስ ቁርባን፣ ዘይቱንም በግንባር ላይ በሚታተመው ቅብዐት ተርጉሞታል። ስለዚህ ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው በዚህ ቀን የቀረውን ይይ፤ ንስሐው፣ ቀኖናው፣ ዕርቁ።

ዕርቅ የዓርብ ሥራ ነው። የበደለዎትን አንድ ሰው ስም ይጻፉ፤ በስሙ ጠርተው እግዚአብሔር እንዲጠብቀው ይጸልዩ። በዚህ ቀን ከዚህ በላይ አይጠበቅብዎትም። መታረቅ ከሆነ ሽማግሌ ወይም ካህን መካከል ይግባ፤ የሚመታዎ ወይም የሚያስፈራራዎ ሰው ከሆነ ግን ይቅር ማለት አብሮ ወደ መኖር መመለስ አይደለም፤ መጀመሪያ ደኅንነትዎን ይጠብቁ። እረኛ በትር የሚይዘው ተኩላን ለመምታት ነው።

ቅዳሜ፦ «ቸርነትህና ምሕረትህ በሕይወቴ ዘመን ሁሉ ይከተሉኛል»

ሥራው አጭር ነው። ማታ የሰኞን ገጽ ገልጠው ከየጉዳዩ አጠገብ የሆነውን ይጻፉ፤ ተፈታ፣ አልተፈታም፣ ሌላ መልክ ያዘ። ከዚያ በሳምንቱ ያልጠየቁትና ያገኙትን ሦስት ነገር ይጨምሩ። «ጤና፣ ሰላም፣ ሕይወት» ተብሎ በጅምላ አይጻፍ፤ «ረቡዕ ጎረቤቴ ልጄን ከትምህርት ቤት አመጣችልኝ» ተብሎ ይጻፍ። የሚከተለን ነገር ከኋላ ስለሆነ ዞር ብሎ ያላየ አያገኘውም። ይህ ለእግዚአብሔር ነጥብ ለመስጠት ግን አይደለም፤ አምስቱም ባይፈቱ መዝሙሩ ውሸት አልሆነም።

እሑድ፦ በመንጋው መካከል

በኖላዊ የሚነበበውን የዮሐንስ ወንጌል ከ10፥1 እስከ 22 ከመሄድዎ በፊት በቤት ያንብቡት። ከዚያ ያስቀድሱ። ስድስቱን ቀን በግል የተጸለየው እዚህ ይጋጠማል፤ ብቻውን የወጣ በግ እረኛ የለውም ባይባልም ተኩላው የሚጠብቀው እርሱን ነው። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ያሉ ቢያንስ በዚያ ሰዓት ከአንድ ክርስቲያን ጋር በስልክ መዝሙሩን አብረው ይድገሙ።

ይህ ወንጌል ስለ ሐሰተኛ እረኞችም ነው፤ ዛሬ ከመቼውም ይልቅ ያስፈልገናል። እረኛ እፈልጋለሁ የሚል የተጨነቀ ሰው የሚነጥቀውን በቀላሉ ያገኛል። ማንም አጥማቂ፣ ነቢይ፣ ሰባኪ ወይም ባሕታዊ ነኝ ቢል በአራት ነገር ይመርመሩት። ለጸሎቱ ወይም ለትንቢቱ ዋጋ ይቆርጣል? ጌታ ሌባው ሊሰርቅና ሊያርድ ሊያጠፋም እንጂ ስለ ሌላ አይመጣም ብሏል። ከቤተሰብዎ ወይም ከመድኃኒትዎ ይለይዎታል? «ደመኛህ እናትህ ናት» ብሎ የሚናገር ሰው መንጋውን እየበተነ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ ይቆጣል? ተጠያቂ የሚያደርገው አካልስ የሌለው ነው ወይ፤ ሰበካ ጉባኤ፣ ሀገረ ስብከት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች? ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢገኝበት እንኳ ይራቁ፤ የሰጡትን ገንዘብ ለማስመለስ ብለው ተመልሰው አይሂዱ። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34 ራሳቸውን ለሚያሰማሩ እረኞች ወዮላቸው ይላል፤ እግዚአብሔር ራሱ በጎቹን ከአፋቸው እንደሚያድን ተናግሯል።

ታማኙን ካህን ግን አይተዉት። በአንዱ ክፉ ምክንያት ከሁሉም የራቀ ሰው ሌባው የፈለገውን አደረገለት።

ሁለተኛው ሳምንት

አዲስ ገጽ ይክፈቱ። ያልተፈቱትን ጉዳዮች ይገልብጡ፤ የተፈቱትን አይገልብጡ። ሦስት ሳምንት በተከታታይ የተገለበጠ ጉዳይ ካለ የመጀመሪያውን ዓምድ እንደገና ይመርምሩት፤ ብዙ ጊዜ የምንፈራውና ያልሠራነው አንድ ነገር አለ፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ይቅርታ፣ አንድ የሐኪም ቀጠሮ። ከሌለ ጉዳዩ የሦስተኛው ዓምድ ብቻ ነው፤ ከሌላው ለይተው በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ይጻፉትና በየሰኞው ብቻ ያንሡት። አንድ ቀን ያመለጠው ሰው ወደ ሰኞ አይመለስ፤ ባለበት ቁጥር ይቀጥል። ልጆች ካሉ ከመኝታ በፊት አንድ ቁጥር ብቻ አብረው ይበሉ፤ እየቀደሟቸው ሳይሆን እነርሱ እየመሩ። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ጥቂት ሳምንት ከተደገመለት ሙሉውን ይይዘዋል።